የሥጋ ቤት ቃላት ምን ያህል ይነግራሉ? ስለ ባንኮኒው አገልግሎት የቀረበ ግምገማ

ተመዝኖ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖና ዋጋው ተለጥፎበት ከማቀዝቀዣ ከሚነሣ ሥጋ ይልቅ ቆራጩ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ የሚያስተናግድበትን ሥጋ ቤት የሚመርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላል። ትርፉ ክፍያ የሚሄደው ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ለቆራጩ እጅና ለቆራጩ አንደበት ጭምር ነው። እጁን መገምገም አያስቸግርም፤ ቁራጩ እኩል ውፍረት አለው ወይስ የለውም፣ አጥንቱ ንጹሕ ሆኖ ተቆርጧል ወይስ ተሰባብሯል የሚለው በዐይን ይታያል። አንደበቱን መገምገም ግን ቃላቱን ማወቅ ይጠይቃል። ይህ ግምገማ የማንንም ሱቅ ስም አያነሣም፤ የሚመዝነው በባንኮኒው ላይ የሚነገሩትንና በመለያ ወረቀት ላይ የሚጻፉትን ቃላት ሲሆን፣ ጥያቄውም ገዢው የከፈለበትን መረጃ በእርግጥ ይሰጡታል ወይ የሚል ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ የብልቱን ቦታ የሚናገር ቃል ይታመናል፤ በሥጋው ላይ የተሠራውን ሥራ የሚናገር ቃል ቁጥር ሲታከልበት ይታመናል፤ የሚያሞግስ ቃል ግን ከሱቁ ውጭ የሆነ መርማሪ ካልቆመለት በቀር ምንም አይነግርም።

ከሁሉ በፊት የብልት ስሞች ይምጡ። ብልት ሲባል ከእንስሳው አካል አንድ የታወቀ ቦታ ይጠቆማል፤ ከሥጋ ቤት ቃላት ሁሉ ከፍ ያለ ነጥብ የሚገባውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም የሥጋው ልስላሴ በአብዛኛው የሚወሰነው ጡንቻው በእንስሳው ዕድሜ ሲሠራ በኖረው ሥራ ነው። አንገት፣ ወርች፣ ፍርምባና ቅልጥም ክብደት ሲሸከሙና ሲንቀሳቀሱ የኖሩ ስለሆኑ የጡንቻ ክሮችን አንድ ላይ አስሮ የሚይዘው ኮላጅን በብዛት ይገኝባቸዋል። ከአከርካሪ አጥንት በታች፣ በውስጥ በኩል ተጋድሞ የሚገኘው ፊሌቶ፣ ማለትም ጭቅና፣ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ሥራው ቀላል ነው፤ ስለዚህም ለስላሳ ነው፤ ከአንድ ከብትም የሚወጣው ሁለት ብቻ በመሆኑ ዋጋው ይወደዳል። ይህ ግን ፊሌቶ የተሻለ፣ ቅልጥም የባሰ ነው ማለት አይደለም። ኮላጅን በእርጥበት ውስጥ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ እየሟሟ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ መረቁን የሚያወፍረውና ሥጋውን ከአጥንቱ የሚያላቅቀው ይህ ለውጥ ነው። ፊሌቶን ሦስት ሰዓት የቀቀለ ሰው የደረቀ ክር ያገኛል፤ ቅልጥምን በመጥበሻ ላይ አምስት ደቂቃ ያገላበጠ ሰው ደግሞ ጥርሱን ይፈትናል። ስለሆነም ቆራጩ የብልቱን ስም ሲናገር የሚነግረን የሥጋውን ማዕረግ ሳይሆን የሚስማማውን እሳት ነው፤ ጥሩ ቆራጭ «ከየትኛው ይሁንልዎ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ለምን ሊያደርጉት ነው?» ብሎ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

ይህ ደንብ ግን አንድ ደስ የሚል ማፈንገጫ አለው። ከትከሻ የሚወጣ ሥጋ ጠንካራ ነው የሚለው አባባል በአብዛኛው እውነት ሆኖ ሳለ፣ በትከሻው አጥንት ላይ ከተኙት ጡንቻዎች አንዱ በልስላሴው ከፊሌቶ ቀጥሎ የሚጠቀስ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የቆየው መሐሉን ለሁለት የሚከፍል ወፍራም ነጭ ጅማት ስላለበት ነው። ቆራጩ ጡንቻውን እንደ ተለመደው አቋርጦ ቢቆርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ በመካከሉ የማይታኘክ መስመር ይዞ ይወጣል። ቢላዋውን አጋድሞ ነጩን ሽፋን እንደ መንገድ ተከትሎ፣ ስለቱን ወደ ጅማቱ ዘንበል አድርጎ ሲያንሸራትተው ግን የላይኛው ክፍል ሳይቀደድ ይነሣል፤ ገልብጦ ከታችኛው ላይ ጅማቱን ሲገፍፈው ደግሞ ሁለት ጠፍጣፋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ የሆኑ ሥጋዎች ባንኮኒው ላይ ይቀራሉ። ፍላት አይረን የተባለው ብልት ይህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የኔብራስካና የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲዎች የከብትን የትከሻና የኋላ እግር ጡንቻዎች አንድ በአንድ ካጠኑ በኋላ በገበያ ላይ በሰፊው ታወቀ። ያለዚህ አቆራረጥ ያው ጡንቻ ከትከሻው ጋር ተፈጭቶ ወይም ተቀቅሎ ይሸጣል። የቆራጭ ሙያ ዋጋ ያለው መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ይህን ሥራ አንድ ጊዜ ቆሞ ቢመለከት ይበቃዋል።

የብልት ስሞች ከፍ ያለ ነጥብ ቢያገኙም ሙሉ ነጥብ የማያገኙበት ምክንያት አለ፤ ስሞቹ ድንበር ሲሻገሩ ቦታ ይቀያይራሉ። እንግሊዞች ሰርሎይን የሚሉት ብልት አሜሪካኖች ሾርት ሎይን ከሚሉት የወገብ ክፍል የሚወጣ ሲሆን፣ አሜሪካኖች ሰርሎይን የሚሉት ደግሞ እንግሊዞች ራምፕ ብለው የሚጠሩትን ከዳሌ አጠገብ ያለ ሥጋ ነው። እንግሊዞች ሲልቨርሳይድና ቶፕሳይድ የሚሏቸው የጭን ሥጋዎች አሜሪካ ውስጥ ቦተም ራውንድና ቶፕ ራውንድ ይባላሉ። የብራዚሉ ፒካንያ ወፍራም የስብ ክዳን ያለው የዳሌ ሥጋ ሲሆን በሌሎች አገሮች ሌላ ስም ይዞ ይሸጣል። የምግብ አሠራር መመሪያ ከአንድ አገር አንብቦ ሥጋውን በሌላ አገር የሚገዛ ሰው በዚህ የተነሣ ፈጽሞ ያላሰበውን ብልት ይዞ ሊገባ ይችላል። መፍትሔው ከስም ይልቅ በቦታ መናገር ነው፤ «ከትከሻና ከዳሌ መካከል፣ ከአከርካሪው በላይ በኩል ያለውን ረጅም ጡንቻ እፈልጋለሁ» ያለን ገዢ የትም ያለ ቆራጭ ይረዳዋል። በጅምላ የሚገዙ ተቋማት ይህን ችግር በቁጥር ፈትተውታል። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ለትልልቅ ገዢዎች ባዘጋጀው ዝርዝር 120 ማለት አጥንት አልባ ፍርምባ፣ 180 ማለት አጥንት አልባ ስትሪፕ ሎይን (ከአከርካሪው በላይ ያለው የወገብ ሥጋ)፣ 189 ማለት ደግሞ ሙሉ ፊሌቶ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም ለዓለም አቀፍ ንግድ ተመሳሳይ ደረጃ አውጥቷል። እነዚህን ቁጥሮች ለአንድ ኪሎ ሥጋ መጥቀስ ግን ለቆራጩም ለገዢውም ከንቱ ድካም ነው።

አንዳንድ ስሞች ደግሞ በልኬት ይለያሉ። ቲ-ቦንና ፖርተርሃውስ ሁለቱም በአንድ ቲ መሰል አጥንት ግራና ቀኝ ስትሪፕ ሎይንና ፊሌቶ የያዙ ቁራጮች ናቸው፤ በአሜሪካው ዝርዝር መሠረት ፖርተርሃውስ ለመባል የፊሌቶው ስፋት ቢያንስ 3.2 ሴንቲ ሜትር፣ ቲ-ቦን ለመባል ደግሞ ቢያንስ 1.3 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። በዋጋ የሚለያዩ ከሆነ ማስመሪያ የሚያስፈልገው ለፊሌቶው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ቃላት፣ በሥጋው ላይ የተሠራውን ሥራ ወደሚናገሩት እንለፍ። «ከነአጥንቱ»ና «አጥንት አልባ» የሚሉት ግልጽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በኪሎ ሲገዛ አጥንቱም እንደ ሥጋው ስለሚመዘን፣ ርካሽ የሚመስለው ከነአጥንቱ የሆነው ብልት በሚበላው ልክ ሲሰላ ከአጥንት አልባው ሊበልጥ ይችላል። «የጸዳ» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ጥያቄ የሚፈልግ ነው። ከምን ጸዳ? ከውጭው ስብ ብቻ ወይስ ከጡንቻው ላይ ከተጣበቀው ብርማ ሽፋንም ጭምር? ብርማው ሽፋን በሙቀት በቀላሉ አይሟሟም፤ እሳት ሲነካው ይኮማተርና ቁራጩን ያጣምመዋል፤ ስለዚህ መወገዱ ትክክል ነው። የውጭ ስብ ግን በዝግታ ለሚጠበስ ትልቅ ብልት ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢተውለት ይመረጣል፤ «ንጹሕ ቀይ ነው» እያለ ሁሉንም ስብ አንሥቶ የሚኩራራ ቆራጭ ለእንዲህ ያለው ጥብስ አልጠቀመም። ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ የተመዘነው ከመጽዳቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው። ሁለት ኪሎ ተመዝኖ ሦስት መቶ ግራም ስብና ሽፋን ከተነሣለት ወደ ቤት የሚገባው 1.7 ኪሎ ነው፤ ይህም የአንዱን ኪሎ ዋጋ ከ17 በመቶ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱም አሠራር ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ሐቀኛ የማይሆነው የትኛው እንደ ሆነ አለመናገር ነው። ከመጽዳቱ በፊት የሚመዝን ሱቅ ቢያንስ የተነሣውን ስብና አጥንት ለገዢው አሽጎ ሊሰጠው ይገባል።

ስለ አቆራረጥ የሚነገሩትን ቃላት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ውፍረትን «ሣሣ አድርገው»፣ «ወፈር አድርገው» ብሎ ከማዘዝ በሴንቲ ሜትር መናገር ይበጃል፤ በኃይለኛ እሳት ውጭው እንዲጠቁርና ውስጡ እንዲለሰልስ የሚፈለግ ቁራጭ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በታች የሆነው ውጭው ቀለም ሳይዝ ውስጡ አልፎ ይበስላል። «ከክሩ አግድም» ማለት ቢላዋው የጡንቻ ክሮችን አቋርጦ እንዲያሳጥራቸው ማድረግ ነው። የሆድ ዕቃን ከሳንባ የሚለየውን ጡንቻ ወይም የጎን ሥጋን የመሰለ ረጅም ክር ያለው ብልት በክሩ አቅጣጫ ከተቆረጠ የቱንም ያህል ጥሩ ሥጋ ቢሆን እንደ ገመድ ይታኘካል። በሲባጎ የታሰረ ሥጋ ለውበት የታሰረ አይደለም፤ ወጥ ውፍረት ኖሮት እኩል እንዲበስል ነው።

ስለማሳረፍ፣ ማለትም ሥጋን ከእርድ በኋላ በቀዝቃዛ ቦታ ስለማቆየት፣ ግን ቆም ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚወራበትና ከሁሉም ባነሰ ማስረጃ የሚሸጥ ቃል ይህ ነውና። እንስሳው ከታረደ በኋላ ጡንቻዎቹ ለሰዓታት ተገትረው ይደርቃሉ፤ ከዚያም በሥጋው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ክሮቹን ቀስ በቀስ ያላላሉ። በዚህ ምክንያት የከብት ሥጋ በቀዝቃዛ ቦታ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ የልስላሴው ትልቁ ድርሻ የሚገኘውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ ነው። የድርቀቱ ጊዜ ሳያልፍ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ የተደረገ ሥጋ ግን ክሮቹ ተኮማትረው ይቀሩና ጠንካራ ይሆናል፤ ስለሆነም «ትኩስ» የሚለው ቃል ንጽሕናን እንጂ ልስላሴን አይመሰክርም። ማሳረፍ በሁለት መንገድ ይካሄዳል። አንደኛው አየር በሌለበት ፕላስቲክ ታሽጎ ማቆየት ሲሆን፣ ሥጋው ይለሰልሳል፣ ክብደቱ ብዙም አይቀንስም፣ ጣዕሙም እምብዛም አይለወጥም። ሁለተኛው ድራይ ኤጅድ የሚባለው፣ ብልቱን ሳይሸፍኑ ሙቀቱ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ በሆነና እርጥበቱና የአየር ዝውውሩ በተመጠነ ክፍል ውስጥ ማቆየት ነው። በዚህኛው ውኃው ይተናል፣ ጣዕሙ ይከማቻል፣ ውጭው ግን ጠቁሮና ደርቆ እንደ ቅርፊት ስለሚሆን ተቆርጦ ይጣላል። የተነነው ውኃና የተጣለው ቅርፊት ኪሳራቸው በዋጋው ውስጥ ስለሚገባ፣ በዚህ መንገድ ያረፈ ሥጋ መወደዱ ምክንያት አለው።

ገዢው ታዲያ «ያረፈ ነው» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ስንት ቀንና በምን ዓይነት። መልሱ «28 ቀን፣ ሳይሸፈን» ከሆነ ቃሉ ትርጉም አገኘ። መልሱ «በደንብ አርፏል» ከሆነ ምንም አልተነገረም። ለዐይንም ምልክት አለ፤ ሳይሸፈን ያረፈ ሥጋ ጥልቅ ጥቁር ቀይ ሆኖ፣ ጠርዙ ላይ ቅርፊቱ የተቆረጠበት ደረቅ መስመር ይታይበታል፤ ከሥሩ የሚጠራቀም ፈሳሽም የለውም ለማለት ይቻላል። በቀይ ፈሳሽ ውስጥ የተኛ ሥጋ በዚያ ስም ሲሸጥ ያየ ገዢ ጥያቄውን ሊደግም ይገባዋል።

ቀዩ ፈሳሽ ከተነሣ፣ ደም ነው የሚባለው ስሕተት መሆኑን ማመልከት ተገቢ ነው። ደሙ በእርድ ጊዜ በአብዛኛው ይወጣል፤ በሳህኑ ላይ የሚታየው ማዮግሎቢን የተባለ ቀለም ያለው ፕሮቲን የቀላቀለ ውኃ ነው። ያው ፕሮቲን የሥጋውን ቀለም ይወስናል፤ ኦክስጅን ሳያገኝ ሐምራዊ ጥቁር፣ ኦክስጅን ሲያገኝ ደማቅ ቀይ፣ ሲቆይ ደግሞ ቡናማ ይሆናል። አየር በሌለበት የታሸገ ሥጋ ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀመጥ የሚቀላው በዚህ ምክንያት ነው። «ቀለሙን ይመልከቱ!» እያለ የሚያሻሽጥ ሰው እንግዲህ የሚያሳየው አየር ያገኘ መሆኑን ብቻ ነው፤ ሽታና የማጣበቅ ባሕርይ ከቀለም ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ።

የተፈጨ ሥጋ ዘንድ ቃላቱ ከሁሉም ይበልጥ ሊመረመሩ ይገባል፤ ከተፈጨ በኋላ ብልቱን በዐይን ለይቶ ማወቅ አይቻልምና። በመለያ ወረቀት ላይ 80/20 ተብሎ ሲጻፍ ከክብደቱ 80 በመቶው ቀይ ሥጋ፣ 20 በመቶው ስብ ነው ማለት ነው። 20 በመቶ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በ100 ግራም ውስጥ ያለው 20 ግራም ስብ ብቻውን 180 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚሰጥ፣ ከጠቅላላው ጉልበት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ከስቡ ይመጣል። በአሜሪካ ሕግ የተፈጨ የከብት ሥጋ ከ30 በመቶ በላይ ስብ ሊኖረው አይችልም፤ «ግራውንድ ቢፍ» ተብሎ በተሸጠው ላይ ከሌላ ቦታ የመጣ ስብ መጨመር ሲከለከል፣ «ሃምበርገር» ተብሎ በተሸጠው ላይ ግን ይፈቀዳል። ይህን ያህል ልዩነት በአንድ ቃል ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

ባንኮኒው ከማቀዝቀዣው የሚበልጥበት ትልቁ ቦታም እዚህ ላይ ነው። ገዢው አንድ ሙሉ የወርች ወይም የፍርምባ ቁራጭ መርጦ፣ «ይህንኑ ይፍጩልኝ» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የአንድ እንስሳ፣ የአንድ ብልትና የታወቀ ቀን ሥጋ ያገኛል። ሁለት ነገር ልብ ይበል። በመፍጫው አንገትና በወንፊቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ከቀደመው ደንበኛ የተረፈ ሥጋ ይኖራል፤ አዲሱ ሥጋ ሲገፋው በመጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ጠንቃቃ ቆራጭ ሳይጠየቅ ያንን የመጀመሪያ እፍኝ ለይቶ ያስቀምጣል ወይም መፍጫውን ፈትቶ ያጸዳል፤ እኔ በግሌ ለአንድ ሥጋ ቤት የምሰጠው ነጥብ በዚህች ቅጽበት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ሁለተኛው፣ አንድ ጊዜ የተፈጨና ሁለት ጊዜ የተፈጨ የሚለው ልዩነት ነው፤ አንድ ጊዜ በሰፊ ቀዳዳ የወጣው ላላ ብሎ ለጠፍጣፋ ጥብስ ሲስማማ፣ ሁለት ጊዜ በጠባብ ቀዳዳ የወጣው ለመሙያና ለሚድቦለቦል ነገር ይሆናል።

መፍጨት ከጤና ጋር የሚያያዝበት ምክንያትም አለ። በሙሉ ቁራጭ ላይ ተሕዋስያን የሚገኙት በአብዛኛው በላዩ ላይ ስለሆነ እሳቱ ቶሎ ይደርስባቸዋል፤ ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ለሙሉ የከብት ሥጋ ቁራጭ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ የውስጥ ሙቀትና ከእሳት ከወረደ በኋላ የሦስት ደቂቃ ዕረፍት፣ ለተፈጨው ግን 71 ዲግሪ የሚመክረው ለዚህ ነው። «በማሽን የለሰለሰ» የሚለው ቃልም በዚሁ ዐይን መታየት አለበት፤ ሥጋው በመርፌዎች ወይም በስለቶች ተወግቶ ክሮቹ ስለተቆረጡ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ስለቱ የላዩን ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። በካናዳ ከ2014፣ በአሜሪካ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ አሠራር በመለያው ላይ እንዲጻፍ ግዴታ ሆኗል። በባንኮኒ ላይ ያለ መለያ የሚሸጥ ከሆነ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው፤ ሥጋው ጨው ያለበት ውኃ ተወግቶ ክብደቱ ጨምሮ እንደ ሆነም በዚያው ይጠየቅ።

የቀሩት የሚያሞግሱት ቃላት ናቸው። «ምርጥ»፣ «ልዩ»፣ «አንደኛ ደረጃ»፣ «የሆቴል ሥጋ» እየተባለ የሚለጠፈው ሁሉ ከውጭ መርማሪ ከሌለው ጌጥ ነው። መርማሪ ያለው ደግሞ ምን እንደ ተመረመረ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 የተጀመረው የደረጃ አሰጣጥ ፕራይም፣ ቾይስና ሴሌክት የሚሉ ስሞችን በተከታታይ ይሰጣል፤ መመዘኛው የእንስሳው ዕድሜና በ12ኛውና በ13ኛው የጎድን አጥንት መካከል ሲቆረጥ በጡንቻው ውስጥ የሚታየው የተበተነ ስብ፣ ማለትም ማርብሊንግ ነው። የጤና ምርመራው ማህተም ከዚህ የተለየ ነው፤ ምርመራው ግዴታ ሲሆን የደረጃ አሰጣጡ ግን በፈቃደኝነት የሚደረግ፣ ወጪውንም አምራቹ የሚሸፍነው አገልግሎት ነው። ስለዚህ ደረጃ የሌለው ሥጋ ያልተመረመረ ሥጋ ማለት አይደለም። «ፕራይም ሪብ» የሚባለው የጎድን ጥብስም ስሙ ከዚህ ደረጃ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የማንኛውም ደረጃ ሥጋ በዚያ ስም ሊሸጥ ይችላል።

ኤ5 የተባለው የጃፓን የሥጋ ደረጃ ደግሞ ብዙዎች በአንድነት የሚያነቡት ሁለት ነገር ነው። ፊደሉ ከታረደው እንስሳ የሚገኘውን የሥጋ ምርት መጠን ሲያመለክት፣ ከ1 እስከ 5 ያለው ቁጥር ጥራቱን ይናገራል። ፊደሉ የሚጠቅመው ለነጋዴው ነው፤ ለሚበላው ሰው ቁጥሩ በቂ ነበር። ዋግዩም ሆነ አንገስ የከብት ዝርያ ስሞች ናቸው፤ ዝርያው ስብን የመበተን ዝንባሌ ቢኖረውም አመጋገቡና አያያዙ ሳይታወቅ የዝርያ ስም ብቻውን ውድ ዋጋን አያስረዳም። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል በአሜሪካ መለያ ላይ የሚናገረው ሥጋው ብዙ ሂደት ያልገባበትና ሰው ሠራሽ ነገር ያልተጨመረበት መሆኑን ብቻ ሲሆን፣ እንስሳው እንዴት እንደ ኖረ አይናገርም። «ሣር የበላ» የሚለውም ቢሆን ከብቶች ሁሉ በሕይወታቸው በአንዱ ወቅት ሣር ስለሚበሉ፣ ጥያቄው እስከ መጨረሻው ሣር በልቶ ነው ወይስ የመጨረሻዎቹን ወራት በእህል ደልቦ የሚለው ነው። ሐላልና ኮሸር (በአይሁድ ሥርዓት የታረደ) የሚሉት ቃላት ግን ከውዳሴ ተራ አይመደቡም፤ የእርዱን ሥርዓት የሚመሰክሩና ከጀርባቸው ምስክር ሰጪ ያላቸው ናቸው። ልስላሴን ወይም ማርብሊንግን እንደሚናገሩ አድርጎ መውሰድ ግን ስሕተት ነው፤ ኮሸር ሥጋ ደሙ እንዲወጣ በጨው የሚታሽ በመሆኑ ደግሞ ቤት ውስጥ ሲበስል ጨው መቀነስ ያስፈልጋል።

ስለ እንስሳው ዕድሜና ጾታ የሚናገሩ ቃላት በአማርኛ ሞልተዋል፤ ጠቦት፣ ሙክት፣ ጥጃ፣ ወይፈን፣ ጊደርና ሰንጋ እያንዳንዳቸው የዕድሜ፣ የጾታ ወይም የአያያዝ መረጃ ይዘዋል። የጠቦት ሥጋ ፈዘዝ ያለና ለስላሳ፣ የአዋቂ በግ ደግሞ ጠቆር ያለና ሽታው የበረታ ነው፤ «የበግ ሥጋ» ብቻ ብሎ የሚሸጥ ሱቅ ጠቃሚ መረጃ ቀንሷል።

በአገልግሎቱ ላይ የምሰጠው ነጥብ እንግዲህ ሱቁ ባለው ጌጥ አይለካም። ንጹሕ ንጣፍ፣ የሚያምር መብራትና የእንስሳ ሥዕል ያለበት ግድግዳ ባለው አንድ ሥጋ ቤት ውስጥ፣ ብልቱ ከየት እንደ ሆነ፣ ስንት ቀን እንዳረፈና ክብደቱ ከጽዳት በፊት እንደ ሆነ ለቀረቡለት ሦስት ጥያቄዎች ሠራተኛው ሦስት ጊዜ «አይጨነቁ፣ ምርጥ ነው» ብሎ መለሰ። ሥጋው መጥፎ አልነበረም፤ ዋጋው ግን የባንኮኒ ዋጋ፣ መረጃው የማቀዝቀዣ መረጃ ነበር። በአንጻሩ ብልቱን ከፍ አድርጎ ይዞ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ በጣቱ የሚያሳይ፣ የጠየቁት ውድ ብልት ለታሰበው አበሳሰል እንደማይስማማ ነግሮ ርካሹን የሚመክር ቆራጭ ትርፉን በዚያ ቀን ቢቀንስም የተከፈለውን አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ሰጥቷል።

አንድ የአገልግሎት ዓይነት ቀርቷል፤ እሱም ግማሽ ወይም ሩብ ከብት አንድ ላይ መግዛት ነው። የቃላት አለመግባባት ከፍተኛ ገንዘብ የሚያስከፍለው እዚህ ነው፤ ሦስት የተለያዩ ክብደቶች በአንድ «ኪሎ» ስም ስለሚጠሩ። 500 ኪሎ የሚመዝን የደለበ ከብት ታርዶ፣ ተገፍፎና ሆድ ዕቃው ወጥቶ ሲሰቀል ከቁመናው ክብደት 60 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 300 ኪሎ ያህል ይሆናል። ግማሹ 150 ኪሎ ነው፤ ብዙ ሻጮች ዋጋውን የሚያሰሉትም በዚህ በተሰቀለው ክብደት ነው። ነገር ግን አጥንቱ ወጥቶ፣ ስቡ ተነሥቶና በማረፊያው ክፍል ውኃው ተኖ ወደ ቤት የሚገባው ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ፣ ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ነው። ሐቀኛ ሻጭ ይህን ሲያዋውል ይናገራል፤ የመቁረጫውና የማሸጊያው ክፍያ በተሰቀለው ክብደት ይሁን በታሸገው ይሁንም ለይቶ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ገዢው በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ የቁራጮቹን ውፍረት፣ በአንድ እሽግ የሚገቡትን ቁራጮች ብዛት፣ ከወርቹና ከጭኑ የቱ በቁራጭ የቱ በተፈጨ እንደሚሆን፣ የተፈጨውም የስብ መጠን ስንት በመቶ እንደሆነ መሙላት አለበት። ጉበቱ፣ ምላሱ፣ ጅራቱ፣ የመረቅ አጥንቱና የሚቀልጠው ስብ በወረቀቱ ላይ በስማቸው ካልተጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ አብረው አይመጡም፤ ከተቆረጠ በኋላ ቢጠየቁ ደግሞ ከሌላው ከብት ጋር ተቀላቅለው ወይም ተወግደው ይገኛሉ።